5,000 ፓውንድ የሚጎትት መኪና 4,200 ፓውንድ ሲያቅተው

ጥያቄህን ሌላውም እንዲከተለን ላሳጥረው። ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነህ። 2018 ሞዴል ቶዮታ ሃይላንደር አለህ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ የመጎተቻ ፓኬጅ ያለው። ያገለገለች ባለ 18 ጫማ ካምፐር (በመኪና የምትጎተት ማደሪያ) አይተሃል፤ ባዶዋን 3,480 ፓውንድ ናት፣ ተጭና ደግሞ ከ4,400 ማለፍ የለባትም። ሻጩ «መኪናህ 5,000 ይጎትታል፣ ምን ያስጨንቅሃል» ብሎሃል። የምትሄዱት አምስት ናችሁ፤ አንተ፣ ባለቤትህ፣ እናትህና ሁለት ልጆች። በአይ-70 አውራ ጎዳና ተራራውን አቋርጣችሁ ግሌንውድ ስፕሪንግስ ልትወርዱ ነው። ጓደኛህ ደግሞ «ኋላውን ኤር ባግ (ሞላው ጋ የሚገባ የአየር ከረጢት) አስገባበትና ገላግለው» ብሎሃል። የበሩ ስቲከር ላይ 1,310 ይላል አልክ። እሱን ማንበብህ በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚያየው።

አጭሩ መልስ፦ እንዳሰብከው ከሆነ አይበቃም። ረጅሙ መልስ ግን «አይሆንም፣ እርሳው» አይደለም። ሻጩ አልዋሸህም፤ የነገረህ ቁጥር ግን መጨረሻ ላይ የሚታየውን ነው። መኪናህ 5,000 ላይ ሳይደርስ ቀድሞ የሚያልቅበት ሌላ ነገር አለ።

መጀመሪያ ያቺ 5,000 ከየት እንደመጣች እንይ። የመኪና ፋብሪካዎች ድሮ ይህን ቁጥር በየራሳቸው መንገድ ነበር የሚያወጡት። አሁን ጄ 2807 የሚባል የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር መለኪያ አለ፤ ቶዮታም ከ2011 ሞዴሎቹ ጀምሮ ቀድሞ የተቀበለው ነው። መኪናው አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም የሚባል ረጅም ዳገት ላይ፣ ሙቀቱ 100 ፋራናይት ሆኖ፣ ኤሲው እየሠራ ተሳቢውን ይዞ ይወጣል፤ ከ40 ማይል በታች ከወረደ ወደቀ። ጠንካራ ፈተና ነው፣ አልናቀውም። ግን መኪናው ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ልብ በል። ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ፣ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ። በቃ። እናት የለችም፣ ልጅ የለም፣ ኩለር የለም።

አንተ ጋ ግን አምስት ሰው አለ። ስለዚህ ሒሳቡን የምንጀምረው ከበሩ ነው።

የሹፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈችው ነጭና ቢጫ ስቲከር «የተሳፋሪና የዕቃ ድምር ከዚህ አይለፍ» ነው የምትለው። ሰዉ ፔይሎድ የሚለው ይህን ነው። ያንተ 1,310 ፓውንድ ነው። ሙሉ ታንክ ቤንዚን እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፣ እሱ አስቀድሞ ተቀንሷል። ሹፌሩ ግን ይቆጠራል። ከገዛኸው በኋላ የጨመርከው ነገር ሁሉ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ያለው ሳጥንም ጭምር፣ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ተሳቢዋ ኳሱ ላይ (ከመኪናው ኋላ ያለው፣ እሷ የምትያያዝበት ብረት) የምትጥለው ክብደትም ከዚሁ 1,310 ነው የሚወጣው። ከ5,000ው አይደለም። ለመኪናው የኋላ እግር፣ ኳሱ ላይ የተቀመጠ 500 ፓውንድ ማለት ሻንጣ ቦታው ላይ ሦስት ሙሉ ሰው እንደማስቀመጥ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ለምን እንደሚብስ እመጣበታለሁ።

እንግዲህ እንደምር። የላክልኝ የቤተሰቡ ክብደት 185፣ 150፣ 140፣ 95 እና 60 ነው። 630 ሆነ። ኩለሩ፣ የእናትህ ሻንጣ፣ የልጆቹ ኮተት፣ መኪናው ውስጥ የሚገባው 150 ይሁን፣ ይህን እንኳ አሳንሼ ነው። ክብደት የሚያካፍለው ሂች (ተሳቢዋን ከመኪናው የሚያያይዘው መጎተቻ) ከነብረቱ 70 አካባቢ ነው። 850 ደረስን፣ ካምፐሯን ገና አልነካናትም።

አሁን ወደ እሷ። ሻጩ «የኳሱ ክብደት 390 ነው» ብሎሃል፣ ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ይላል። ያ ቁጥር ባዶዋን ከፋብሪካ ስትወጣ ነው። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ነው የሚገጠመው፣ ወደ 50 ፓውንድ። ሁለቱ የጋዝ ሲሊንደሮች ሲሞሉ ጋዙ ብቻ 40 ነው። ሁለቱም ደግሞ የሚቀመጡት የት ነው? ፊት ለፊት፣ ኳሱ አጠገብ፣ መጎተቻው ብረት ላይ። ስለዚህ 390 የሚባለው ነገር መንገድ ላይ የለም።

ቀጥል። የንጹሕ ውኃ ታንከሩ 30 ጋለን ነው አልክ። አንድ ጋለን ውኃ 8.34 ፓውንድ ነው፣ ሙሉው 250 ይጠጋል። ምግብ፣ ልብስ፣ አልጋ ልብስ፣ ሰሃን፣ ምጣዱ፣ ጀበናው ከነረከቦቱ፣ 25 ፓውንዷ የጤፍ ከረጢት... 300 ትሞላለች፣ አትጠራጠር። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የውኃ ቱቦ፣ ክሪክ፣ የጎማ ታኮ፣ ሌላ 100። ከ3,480 ላይ ይህን ሁሉ ስትደምር 4,220 ፓውንድ ይመጣል።

ከ4,400ው በታች ናት፣ ከ5,000ውም በታች ናት። ሻጩ እዚህ ላይ ነው እጅህን የሚጨብጥህ።

ለእንደዚህ ዓይነት ካምፐር ኳሱ ላይ መውደቅ ያለበት ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ የመኪናህ መመሪያ የራሱን ቁጥር ከጻፈ እሱን አስቀድም። ባትሪና ጋዙ ፊት ስላሉ 12 በመቶ እንያዝ። የ4,220 አስራ ሁለት በመቶ 505 ገደማ ነው። ይህ ብቻውን ሃይላንደሩ ኳሱ ላይ ከሚፈቅደው 500 አለፈ። ከ850ው ጋር ስትደምረው ደግሞ 1,355 ይሆናል። ስቲከሩ 1,310 ነው የሚለው። 45 ፓውንድ አለፍክ። የመጎተት አቅምህ ገና ወደ 800 ፓውንድ ይቀረዋል፣ ፔይሎድህ ግን አልቋል።

«45 ፓውንድ ምን አላት» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ መኪናው 1,311 ላይ አይሰበርም። ነገር ግን ይህ ሒሳብ የተሠራው በግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚሳሳተው። ጋራዥ መጥታ የመዘንናት ካምፐር ሁሉ ባለቤቱ ካሰበው በላይ ነው የምትመዝነው። ከግምት ያነሰች አይቼ አላውቅም።

ለምን ይብሳል እንዳልኩ ልንገርህ። ኳሱ ያለው ከኋላ ጎማ አራት ጫማ ያህል ወደ ኋላ ወጥቶ ነው። እዚያ ላይ 500 ስትጭን የመኪናው ፊት ይነሳል። ከፊት ጎማዎች 200 አካባቢ ይነቅልና የኋላው አክስል ላይ ይጥለዋል። ማለትም የኋላው የሚሸከመው 500 ሳይሆን 700 ገደማ ነው። መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬን መሬቱን አጥብቆ አይዝም፣ ማታ ደግሞ መብራትህ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። የኋላ አክስሉ የራሱ ገደብ አለው፤ ከክብደት ስቲከሩ አጠገብ ያለችው ሌላዋ ስቲከር ላይ ተጽፏል፣ እሷንም አንብባት።

ስለዚህ ኤር ባግ ያልከው ጓደኛህ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ግማሹን ነው ያየው። ኤር ባግ የወረደውን ኋላ ከፍ ያደርጋል። መኪናው ሲታይ ቀጥ ይላል። ግን ከፊት የተነቀለውን 200 አይመልስም፣ ስቲከሩ ላይ ያለውንም ቁጥር አንዲት ፓውንድ አይጨምርም። ጠንካራ ሞላ ብታስደርግም፣ ወፍራም ጎማ ብታስገባም ያው ነው። ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው፣ ካምቢዮው፣ ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸው። ክብደት የሚያካፍለው ሂች ግን የተለየ ሥራ ነው የሚሠራው፤ በሁለቱ ብረቶቹ እየወጠረ ከኋላው አክስል ላይ የተወሰነውን ወደ ፊት ጎማ፣ የተወሰነውን ደግሞ ወደ ተሳቢዋ አክስል ይመልሳል። ለዚህ ዓይነት ካምፐር እኔ እደግፈዋለሁ። ሆኖም የመኪናህን መመሪያ ሳታይ አትግጠም፤ አንዳንድ ፋብሪካ ከዚህ ክብደት በላይ ግድ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ አይመክረውም። እሱም ቢሆን ፔይሎድ አይጨምርም፣ የራሱን 70 ፓውንድ ይዞ ነው የሚመጣው።

አሁን «እሺ ታዲያ ኳሱ ላይ ያለውን ክብደት ልቀንሰው፣ ዕቃውን ወደ ኋላ ልግፋው» ብለህ እንዳታስብ። ሰው የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የፈረስ ጋሪ አይተሃል አይደል፣ ጭነቱ ከጎማው ወደ ኋላ ሲበዛ ዘንጎቹ ወደ ላይ ይነሱና ፈረሱን ያንሳፍፉታል። ተሳቢም እንደዚያው ናት። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ኋላዋ መወዛወዝ ይጀምራል። በ45 ማይል ምንም አታይም። በ65 አንድ ትልቅ ትራክ በጎንህ ሲያልፍ ነፋሱ ይመታታል፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ እየሰፋ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ መኪናውን የምትነዳው አንተ ሳትሆን እሷ ናት።

ብስክሌት አለን ብለሃል። ሁለት ብስክሌት ከነማንጠልጠያው 100 ፓውንድ ቢሆንና የካምፐሯ የኋላ መከላከያ ላይ ብትሰቅለው፣ ኳሱ ላይ ካለው ከ60 እስከ 70 ፓውንድ ይነቅልልሃል። ለፔይሎዱ ደስ ይላል፣ ለመወዛወዙ ግን ግብዣ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ካምፐሮችም መከላከያቸው ለዚያ አልተሠራም። እኔ ጋ ተቀድዶ የመጣ አለ።

ውኃውም የት እንዳለ እወቅ። ታንከሩ ከአክስሉ ፊት ከሆነ ሲሞላ ኳሱን ይጫነዋል፣ ከአክስሉ ኋላ ከሆነ ያቀለዋል። በርከክ ብለህ ሥሯን እይ፣ ወይም ሻጩን ጠይቅ። ደግሞ የእጣቢውና የሽንት ቤቱ ታንከር አለ። ስትሄድ ባዶ ነበሩ፣ ስትመለስ ሞልተዋል፣ ምግቡ አልቋል፣ የንጹሕ ውኃው ታንከር ባዶ ነው። ሄደው ሲመጡ «ስንሄድ ደህና ነበረች፣ ስንመለስ ነው የተወዛወዘችው» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛው ችግራቸው ይኸው ነው። ከካምፑ ሳትወጣ አፍስስ፣ ሰልፍ ቢኖርም ተሰለፍ።

ስለዚህ ይህችኑ ካምፐር ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ የሚያስኬደው እንዲህ ነው። ውኃውን ባዶ አድርገህ ሂድ፣ ካምፑ ስትደርስ ሙላ። 4,220 ወደ 3,970 ይወርዳል፣ ኳሱ ላይ ደግሞ፣ ታንከሩ ከአክስሉ ኋላ ካልሆነ፣ 475 ገደማ። መኪናው ውስጥ ካለው 150 ፓውንድ ዕቃ ውስጥ 100ውን ወደ ካምፐሯ አዙር፣ ግን ልክ አክስሉ አናት ላይ፣ ዝቅ አድርገህ፣ ወለሉ ላይ። እዚያ የተቀመጠ ነገር ኳሱን ብዙም አይነካውም። አሁን 630፣ 50፣ 70 እና 475 ስትደምር 1,225 ነው። 85 ፓውንድ ተረፈህ። ይኬዳል። ግን ጠባብ ነው፤ ልጆቹም ያድጋሉ፣ ያቺ 60 ፓውንድ የሆነች ልጅ በሚቀጥለው ክረምት 60 አትሆንም።

የካምፐሯን የራሷን ስቲከርም እይ። በግራዋ በፊት በኩል ውጭ ላይ ተለጥፎ ታገኘዋለህ። ጠቅላላ ገደቧ፣ የአክስሏ ገደብ፣ የጎማው መጠንና ንፋሱ እዚያ አለ። በሯ አጠገብ ደግሞ «የዕቃ ክብደት ከዚህ አይለፍ» የምትል ቢጫ ስቲከር አለች። ባለ አንድ አክስል ናት ካልከኝ፣ ከ4,220ው 505ቱ ኳሱ ላይ ከሆነ 3,715ቱን የምትሸከመው ያቺው አንዷ አክስል ናት። ገደቧ 3,500 ከሆነ አልፈሃል፣ ጠቅላላው ቢፈቅድልህም።

ግምቱ ይብቃና መመዘን። ኮሎራዶ ውስጥ ትራክ የሚነዳ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ብርቅ ነው፣ እሱን ጥራው። ካት ስኬልን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። በየትራክ ስቶፑ ያለው ሚዛን ነው፣ ለአንድ ምዘና 15 ዶላር ገደማ ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚያው ተመልሰህ ስትመዝን ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ቤተሰቡን በሙሉ ጫን፣ ቤንዚን ሙላ፣ እንደምትሄድበት ቀን አድርገህ ሂድ። የፊት ጎማህ አንደኛው ሰሌዳ ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የካምፐሯ ሦስተኛው ላይ እንዲሆን አቁም። ወረቀትህን ያዝ። ከዚያ ካምፐሯን ማቆሚያው ጋ ፈትተህ መኪናውን ብቻ፣ ሰዎቹ ሳይወርዱ፣ እንደገና መዝን። የመኪናው ሁለት አክስል ድምር ከካምፐሯ ጋር ሲሆንና ብቻውን ሲሆን ያለው ልዩነት ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው፤ ለዚህኛው ምዘና ግን የሂቹን ብረቶች አላላቸው፣ ካልሆነ ቁጥሩ አንሶ ይታይሃል። ያ ዘመድህ 80,000 ፓውንድ ይዞ ታንደሙን (የተሳቢውን ጥንድ አክስል) ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተተ አክስሉን የሚያስተካክል ሰው ነው፣ ያንተን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ልዩነቱ አንተ አክስሏን ማንሸራተት አትችልም፤ ማንሸራተት የምትችለው ዕቃውን ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ ኳሱ ላይ የሚያርፈውን ብቻ መለካት ከፈለግክ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበቃሃል። ወፍራም ጣውላ ወስደህ አንዱን ጫፍ ሚዛኑ ላይ፣ ሌላውን እኩል ቁመት ባለው ጡብ ላይ አሳርፍ፤ በሁለቱ መካከል ሦስት ጫማ ይሁን። የካምፐሯን አፍ ከጡቡ አንድ ጫማ፣ ከሚዛኑ ሁለት ጫማ በሚርቅበት ነጥብ ላይ አውርደው። ያነበብከውን በሦስት አባዛ። ጎማዎቿን ታኮ ሳታደርግ እንዳትሞክረው።

አሁን መንገዱ። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 11,158 ጫማ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ እዚያ ስትደርስ ሲሶው ሄዷል። ያንተ ደግሞ ተርቦ የለውም። ዳገቱን በቀኝ መሥመር፣ በ40 እና በ45፣ ሰው ቢያጮህብህም ቀስ ብለህ ትወጣለህ፤ እሱ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው፣ 6 እና 7 በመቶ የሚደርስ አለ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አውርድ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን ረግጠህ አትቆይ፤ ጠንከር አድርገህ ፍጥነቱን አውርድና ልቀቅ።

የካምፐሯ የራሷ ፍሬን መሥራት አለበት፣ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ኮሎራዶን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ግድ ይላሉ፣ ካሊፎርኒያ ከ1,500 ጀምሮ። ለዚያ ባለ 7 ፒን ሶኬትና ዳሽቦርዱ ሥር የሚገጠም የፍሬን መቆጣጠሪያ ያስፈልግሃል፤ ሃይላንደሩ ላይ ከፋብሪካ አይመጣም፣ ታስገጥማለህ። ባዶ ቦታ ላይ በ25 ማይል እየሄድክ በእጅህ ብቻ ጫነው። ካምፐሯ መኪናውን ወደ ኋላ ስትጎትተው ሊሰማህ ይገባል። አንድ ቀን መወዛወዝ ከጀመረችም የምትነካው እሱን ነው፤ እግርህን ከቤንዚኑ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የሷን ፍሬን ብቻ በእጅህ ጫን። የመኪናውን ፍሬን ብትረግጥ ታባብሰዋለህ፣ በፍጥነት ላመልጣት ብትልም እንደዚያው።

የኔ ምርጫ? ይህችን አልገዛም። መኪናውን ካልቀየርክ ባዶዋን ከ2,800 የማትበልጥ፣ ሙሉ ገደቧ 3,500 አካባቢ የሆነ ፈልግ። አምስት ሰው መተኛት አለበት ካልክ የምትዘረጋዋ የሸራ ካምፐር አለች፣ ቁመቷም ስለሚያንስ ነፋሱን ብዙ አትገፋም። እናትህ ሸራ አልወድም ካሉ ግን ክርክሩ ሌላ ነው፣ እሱን ከሳቸው ጋር ጨርስ።

ለማንኛውም ቀብድ ሳትሰጥ ጎማዋን እይ። ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ካለ የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። የካምፐር ጎማ ከመበላቱ በፊት ቆሞ ነው የሚያረጀው። ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም የሁለቱንም ዋጋ ከሻጩ ላይ አስቀንስ፣ አስቀይር፣ ያኔም ቢሆን ከ65 ማይል በላይ አትንዳበት።